የአንድ እግር የጫማ ክር

ጎጆ ከተማ ደርሼ ኪሴን ስፈትሽ የበር ማጠፊያ ወጣ።

ሳቁ፤ ግድ የለም። እኔም ያን ጊዜ ስቄያለሁ። የቪዲዮ ካሜራዬ አናት ላይ የዋየርለስ ማይኩን ሪሲቨር የምትይዝልኝ፣ አውራ ጣት የምታህል ብረት ነበረችኝ። ሪሲቨር ማለት ድምፁን ከአየር ላይ ተቀብሎ ለካሜራው የሚያቀብል ትንሽ ሳጥን ነው። ብረቷን እንዳልረሳት ብዬ ቅዳሜ ማታ በመሐረብ ጠቅልዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። ባለቤቴ በበኩሏ ወር ሙሉ «ዛሬ ነገ» እያልኩ ያቆየሁትን የጓዳ በር ማጠፊያ፣ አይቼው እንዳፍር፣ በሌላ መሐረብ ጠቅልላ እዚያው አኑራልኛለች። ጠዋት ሁለት መሐረብ አየሁ። ብልህ ሰው ፈትቶ ያያል። እኔ ግን በእጄ መዘንኩና ከባዱን መረጥኩ፤ ቁም ነገር ሁልጊዜ ይከብዳል ብዬ። እንግዲህ የካሜራዬ ብረት አምቦ ቀረች፣ የጓዳዬ በር ማጠፊያ ከነብሎኑ ጎጆ ገባ።

ይህች የዕለቱ ትንሿ ስህተቴ ናት። ትልቋን ከወራት በፊት ሠርቼ ጨርሻት ነበር፤ አላወቅኩም እንጂ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። በሥራ ቀን አምቦ የሳይንስ መምህር፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቪዲዮ አንሺ። ጊዜው ሚሊኒየሙ ካለፈ ወዲህ ነው፤ ካሜራዬ ግን ገና በካሴት ይሠራ ነበር። ሠርግ በሉ፣ ምርቃት በሉ፣ ከሸነን እስከ አዲስ ዓለም ያልረገጥኩት ድንኳን የለም። ጸጉሬ ሸብቶ ስለነበር ሙሽሮች «አባባ፣ አይደክምዎትም?» ይሉኛል፤ እኔም «ደክሞኛል፤ ቶሎ ተጎራረሱና እንገላገል» እላቸዋለሁ።

ከዚያች እሑድ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የጎጆ ጸሎት ቤት ሰዎች ዋየርለስ ማይክ ግዛልን ብለው ላኩኝ። መርካቶ ሄድኩና ለእነሱ አንድ፣ ለራሴም አንድ አነሣሁ። ነጋዴው ካርቶኖቹን አገላብጦ አየና፣ «ጋሼ፣ ሁለቱ ቁጥራቸው አንድ ነው። አንዱን በሌላ ቁጥር ልለውጥልዎ?» አለኝ።

«ተው! አንድ ዓይነት ነው የምፈልገው። አንዱ ሲበላሽ ለሌላው ዕቃ እፈታለታለሁ።»

በእኛ አገር አንድ ዓይነት ሁለት ራዲዮ ያለው ሰው ብልህ ይባላል። አንደኛው ሲሞት ለሌላው መለዋወጫ ይሆነዋል። ነጋዴው «እንዳሉ» ብሎ ጠቀለለልኝ። ለጸሎት ቤቱ ሰዎች ዕቃውን ሳስረክብ ደግሞ ምክር መረቅሁላቸው፤ «በጸሎት ጊዜ ማይኩን ዝጉት፣ ባትሪ ይበላል። አምፕሊፋየሩ ጋ ያለውን ሪሲቨር ግን አትንኩት፣ እንደተከፈተ ይቆይ።» ይህችን ምክር ያዙልኝ።

ያን እሑድ ጎጆ የጠራኝ ኦቦ ፈይሳ ነው። ገና ወጣት መምህር ሆኜ ጎጆ ተመድቤ ሳለ ግቢው ውስጥ ተከራይቼ ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ። በዚያ ብርድ ድንች ቀቅሎ ያበላኝ፣ የተሰባበረ ኦሮምኛዬን እየሳቀ ያቃናልኝ እሱ ነው። በዕድሜ ጥቂት ቢበልጠኝም አንተ ነው የምንባባል። እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «ባርሲሳ» ነው የሚለኝ፣ መምህር ማለቱ ነው። ድምፁ ትልቅ ነበር። ከግቢው ሆኖ ማዶ ያለ አንድ ሰው ሲጣራ ሦስት ሰው «አቤት» ይላል። ለዕርቅ ሲቀመጥም ግማሹን ነገር የሚጨርሰው ድምፁ ነው ይባልለት ነበር።

ያን ጠዋት በሩን ሲከፍትልኝ ግን «አካም ቡልቴ፣ ባርሲሳ» ብሎ እንደምን አደርክ ያለበት ድምፅ እንደ ተቀደደ ወናፍ ነበር። ነፋሱ ይወጣል፣ ቃሉ ይቀራል።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?»

«ጉሮሮህ ውስጥ ዕጢ አለ አሉኝ። ነገ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ ማክሰኞ ያወጡታል። ነፍስህ ትተርፍ ይሆናል፣ ድምፅህ ግን አይተርፍም ብለውኛል።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ። እንደ በግ እንኳ አልጮህም።» ሊስቅ ሞከረና ሳል ያዘው። «ስለዚህ ድምፄ ሳይሄድ በፊት የምናገረው ነገር አለኝ። አንተ ትቀዳልኛለህ፤ ካሴቱን ደብቀህ ትይዛለህ፤ ስሞት ለገመቹ ትሰጥልኛለህ።»

ገመቹ ታናሽ ወንድሙ ነው። ጭምት ገበሬ ነው፤ ድንጋያማው ዳገት ላይ ገብስ እየዘራ ይኖራል። ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። በዓል በመጣ ቁጥር ገመቹ በግ ባይችል ዶሮ ይዞ ታላቁን ሊጠይቅ ይመጣል።

«ከመሞትህ በፊት ብሰጠውስ?» አልኩት።

«ቪዲዮ አንሺ ነህ ወይስ ዳኛ?»

ቦርሳዬን ከፈትኩ። እሑድን የመረጠው አስቦበት ነው። ሚስቱ አዴ ጫልቱ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ ገመቹም ራሱ ጸሎት ቤት ናቸው። ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም የለም። ጸሎት ቤቱ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ነው፤ ቦታውን ለምእመናኑ በነጻ የሰጠው ፈይሳ ራሱ ነው፣ በዚህም አገር ምድሩ ይመርቀዋል። መዝሙሩ በጭቃው ግድግዳ አልፎ ደብዘዝ ብሎ ይሰማናል።

ሪሲቨሩን ካሜራው ላይ ላስቀምጥ እጄን ኪሴ ስከት ነው እንግዲህ ማጠፊያው የወጣው። ፈይሳ ማጠፊያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ዞር ብሎ በሩን አየ።

«በሩ ምን አደረገህ?»

ሁለቱን መሐረብ ነገርኩት። በዚያ ጉሮሮው እንዲያ መሳቅ አልነበረበትም። ሪሲቨሩን የማስርበት ፈለግን። ፕላስተር የለም፣ ላስቲክ የለም፤ ገመድ ተብሎ ቤት ውስጥ የተገኘው በሬ የሚታሰርበት ነው። የእኔ ጫማ ክር የለሽ ነው። ፈይሳ ጎንበስ አለና ለነገው መንገድ ካወለወለው ጥቁር ጫማ፣ ከቀኝ እግሩ፣ ክሩን መዘዘ።

«እንካ። እኔ ዛሬ የትም አልሄድ።»

ሪሲቨሩን ከካሜራው እጀታ ጋር ሦስት ዙር ጠመጠምኩትና አጥብቄ ቋጠርኩት። ሽቦውን ማይክ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ሰካሁ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሪሲቨሩን ከፈትኩት። መዝሙር! ጥርት ያለ መዝሙር፣ ከነጭብጨባው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የእኔ ማይክ ገና ተዘግቶ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ከተዘጋ ማይክ መዝሙር አይመጣም። ይህን አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ቢነግረኝ አሥር ከአሥር እሰጠው ነበር። የሳይንስ መምህሩ ግን በኩራት እንዲህ አለ፤ «ፈይሳ፣ ይሄ ዕቃ ጉድ እኮ ነው! ግድግዳ ሰንጥቆ ይሰማል!»

«እንግዲያ መዝሙሩ እስኪያልቅ እንቆይ» አለ ፈይሳ።

ቆየን። መዝሙሩ አለቀ፤ የወንጌላዊው ድምፅ ትንሽ ተሰማ፤ ከዚያ ጭጭ አለ። ማይኩን ኮቱ ኮሌታ ላይ ሰካሁለት፣ ድምፁን ወደ አየር የምትልከውን ሳጥኗን ቀበቶው ላይ አንጠለጠልኩለት፣ ከፈትኩ። ካሜራውንም መቅዳት አስጀመርኩ፤ ቀዩ መብራቱ በራ።

«ለሙከራ አንድ ነገር በል።»

«ምን ልበል?»

«የመጣልህን።»

ካሜራውን ትክ ብሎ አየና፣ ለሽምግልና ሲቀመጥ እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠረገ። «ባርሲሳ የጫማ ክሬን ወስዷል። ሰው ሁሉ ይስማ፤ አውሼው ነው እንጂ አልሰጠሁትም። ካልመለሰ ሽማግሌ እልክበታለሁ።»

«ግሩም ነው፣ ቀጥል» አልኩ እየሳቅሁ።

አልቀጠለም። እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አሳረፈ። የፊቱ ጨዋታ ቀስ በቀስ ሲጠፋ በካሜራው መስታወት ውስጥ አየሁት። ከዚያ በኦሮምኛ ጀመረ። ካሴቱ በእጄ ስላለ ቃል በቃል ልጽፈው እችላለሁ፤ ግን የሚበቃውን ያህል ብቻ ወደ አማርኛ ላምጣው።

«ገመቹ፣ እኔ ወንድምህ ፈይሳ ነኝ። አባታችን ሲሞት አንተ ጦር ሜዳ ነበርክ። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ‹አባትህ ምን ብሎ ሞተ?› ሲሉኝ፣ ‹የምንጩን መሬት ለፈይሳ፣ ዳገቱን ለገመቹ ብሏል› አልኳቸው። አመኑኝ። የእኔን ድምፅ ማን ይጠራጠራል? ዋሽቼ ነው ገመቹ። የምንጩን መሬት የሰጠው ለአንተ ነው።»

ማዳመጫው ውስጥ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማኛል። እንደ ወንፊት ነው፤ አንዱን ቃል ያሳልፋል፣ አንዱን ያስቀራል።

«መንግሥት ተለውጦ ጦሩ ሲበተን በእግርህ መጣህ። አባባ እንዲህ ብሏል አልኩህ። ‹አባባ ካለ እሺ› አልክ። ሌላ አልጠየቅህም። ብትጣላኝ፣ ብትከሰኝ ይቀለኝ ነበር። አንተ ግን ዶሮ ይዘህ መጣህ። ዳገቱ ላይ ድንጋይ ስትለቅም ከዚህ ሆኜ አይሃለሁ። መሬቱን አርሼ መብላት አቃተኝ፤ ለጸሎት ቤት ሰጠሁት። ሰው መረቀኝ። ባንተ መሬት ለራሴ ምርቃት ሰበሰብኩበት። አንተም ይኸው በየእሑዱ በገዛ መሬትህ ላይ መጨረሻ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ…»

እኔ የማደርገው ጠፍቶኛል። ሠርግ ሳነሣ «ፈገግ በሉ» እላለሁ፤ ለዚህ የሚባል ነገር አላውቅም። የካሜራውን እጀታ ጨብጬ ቆሜአለሁ።

በዚህ መሐል ግቢው ውስጥ የሩጫ ኮቴ ተሰማ። በሩ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። አዴ ጫልቱ ናት፤ ሻሿ ወልቆ በእጇ ይዛዋለች፣ አንድ እግሯ ባዶ ነው።

«ፈይሳ! ዝም በል! በፈጠረህ ዝም በል!»

ፈይሳ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ጸሎት ቤቱ ሁሉ እየሰማህ ነው!»

«ማን?»

«ሁሉም! በስፒከሩ ትወጣለህ! ከጫማ ክሩ ጀምሮ!»

ኮሌታው ላይ ያለችውን ማይክ አየሁ። መርካቶ ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተው የነበሩት ሁለት ካርቶኖች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ቁጥራቸው አንድ ነው። ቁጥሩ የሞገዱ ነው፤ የእነሱን መዝሙር የእኔ ሪሲቨር እንደሰማ፣ የእኔ ማይክ የሚናገረውን የእነሱም ሪሲቨር ይሰማል።

እዚያ ማዶ የሆነውን በኋላ ነው የነገሩኝ። መዝሙሩ አልቆ የጽሞና ጸሎት ሆነ። ወንጌላዊው በእኔ ምክር መሠረት ባትሪ እንዳይበላ ማይኩን ዘጋ። ሪሲቨሩን፣ በእኔው ምክር፣ አልነካውም። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ደፍቶ ሳለ ከግራና ከቀኝ ስፒከር የፈይሳ ድምፅ መጣ። ስለ ጫማ ክር ሲያወራ ልጆች ሳቁ። አንዲት ባልቴት ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ዘርግተው «ተናገር!» አሉ አሉ። ከዚያ ኑዛዜው ተከተለ። ወንጌላዊው ደንግጦ ወደ አምፕሊፋየሩ ሲሄድ መጨረሻው ወንበር ላይ ገመቹ ብድግ አለ።

«ተው፣ አትዝጋው። ይናገር።»

ቆሞ ሰማ። ጫልቱ የሮጠችው ያን ጊዜ ነው።

እኔ በዚያች ደቂቃ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ዕቃ ይዘጋ። ተንደርድሬ ከቀበቶው ላይ ሳጥኗን ዘጋሁ። አልበቃኝም፤ ተመልሼ ካሜራው ላይ የታሰረውን ሪሲቨር ዘጋሁ። ሽቦውን ግን ከቀዳዳው አልነቀልኩትም። ሽቦው እስከተሰካ ድረስ ደግሞ ካሜራው በራሱ ጆሮ አይሰማም፤ የሚሰማው ከሪሲቨሩ ብቻ ነው። ካሜራውን ማቆምም ረሳሁ። ቀይ መብራቱ እየበራ፣ ካሴቱ እየዞረ፣ ማየቱን ቀጠለ።

ገመቹ ገባ። ሰዎቹ ተከትለውት መጥተው አጥሩ ጋ ቆመዋል፤ አንድም ሰው ግቢውን አልረገጠም። ረጅም ስለሆነ በበሩ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ፈይሳ ሊነሣ ሞከረና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ኦቦ» አለ ገመቹ። ያን ጊዜም ኦቦ ነው ያለው፣ ታላቅነቱን አክብሮ።

ገመቹ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«መሬቱን ተወው። ጸሎት ቤት ቆሞበታል፣ ይቁምበት። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። አባባ ምን ብሎ ነው የተናገረው?»

«ተናገርኩ እኮ… የምንጩን መሬት ለገመቹ…»

«እንደ ቀበሌ ጸሐፊ? ‹የምንጩን መሬት ለገመቹ›? አባባ እንዲህ አይናገርም። በእሱ አፍ ንገረኝ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው ቃሉን ከያዝክብኝ። እኔ ሳልቀብረው የቀረሁ ልጁ ነኝ ኦቦ። ቃሉን ስጠኝ።»

ፈይሳ ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ አልቋል፤ ካሴቱ ላይ አፍስሶታል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቶ ገመቹ መጣና ተንበርክኮ ጆሮውን አፉ ላይ ደቀነ። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ነው የቆምኩት፤ ስለዚህ ሰማሁ።

«‹ገመቹ ኮ› አለ። የእኔ ገመቹ። ‹ያ ልጅ ይመጣል። እኔ አላየውም፣ እናንተ ታዩታላችሁ። ሲመጣ ለምን ቆየህ እንዳትሉት። መጀመሪያ ውሃ አሙቁለት፣ እግሩ ቆስሎ ይሆናል። የምንጩን መሬት ለእሱ አድርጉለት። ብዙ መንገድ ሄዷል፤ ከእንግዲህ ውሃ አይራቀው› አለ።»

ጫልቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«የመጣህ ቀን እኔ ምን አልኩህ?» አለ ፈይሳ።

ገመቹ ዓይኑን ወደ በሩ አዞረ።

«ታስታውሳለህ። እዚህ በር ላይ ቆመህ፣ እግርህ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ‹ለምን ቆየህ?› አልኩህ።»

ስለ መሬቱ ያላለቀሰ ሰው ያን ጊዜ አለቀሰ። ግንባሩን የወንድሙ ጉልበት ላይ ደፍቶ። ፈይሳ እጁን አንሥቶ ራሱ ላይ ሊያሳርፍ ፈለገ፤ ይገባኛል አይገባኝም የሚል ይመስል እጁ አየር ላይ ቆየ። ገመቹ ቀና ሳይል ያችን እጅ ይዞ ራሱ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ በኋላ በዚያ ቀን ፈይሳ የተናገረው ቃል ትዝ አይለኝም። የተናገረም አይመስለኝም።

ማግሥቱን ጠዋት ጉሙ ሳይገለጥ መኪና ልንሳፈር ወጣን፤ ፈይሳ፣ ጫልቱ፣ ገመቹና እኔ። የፈይሳ ቀኝ ጫማ ሲራመድ ሊወልቅ ሊወልቅ ይላል። ክሩ ካሜራዬ ላይ ነው፣ ካሜራዬ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ቦርሳው መኪናው ጣሪያ ላይ ከድንች ጆንያ በታች ነው። እኔ ደግሞ የት እንደምገባ ጠፍቶኝ በማላውቀው መኪና ጎማ ላይ ምርመራ አካሂዳለሁ። ገመቹ የወንድሙን ጫማ አየ። ከተራገፈ ጆንያ አፍ ላይ ሲባጎ መዘዘ፣ ተንበረከከ፣ በየቀዳዳው አሳልፎ አሰረለት። ቀስ ብሎ ነው ያሰረው፣ እንዳያጠብቅበት። ፈይሳ በገመቹ ራስ ላይ አሻግሮ አየኝና በጣቱ ወደ ጫማው ጠቆመኝ። ዓይኑ ውስጥ ያች የሙከራዋ ጨዋታ ትንሽ ብልጭ አለች።

«ስትመለስ አዲስ ገዝቼ እጠብቅሃለሁ» አልኩት።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ እነሱ ወደ አዲስ አበባ፣ እኔ ወደ አምቦ ተለያየን።

ዕጢውን ከነድምፁ አወጡት፤ ነፍሱ ተረፈች። ከጥቂት ወራት በኋላ ከገመቹ ጋር አምቦ ቤቴ ድረስ መጣ። አንገቱ ላይ ነጭ ሻርፕ ጠምጥሟል። ወንበር ሳልስብለት ቀኝ እግሩን ከፍ አደረገ። ሲባጎው!

«ክር ገዝቼለት ነበር እኮ» አለ ገመቹ። «አላደርግም አለ። ካንተ ነው የሚጠብቀው።»

ፈይሳ ሳቀ። ትከሻው ይስቃል፣ ፊቱ ይስቃል፣ ድምፅ ግን የለም። እኔ ሮጬ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ «ቡናማ ብቻ ነው ያለኝ» አለኝ። እኔም ለጥቁር ጫማ ቡናማ ክር አልሰጥም ብዬ ኮራሁና ባዶ እጄን ተመለስኩ። «የሚቀጥለው ጊዜ» አልኩት። እጁን አወዛወዘልኝ፣ የሽማግሌ ዛቻ። የሚቀጥለው ጊዜ አልመጣም። ዕጢው ተመለሰበትና በክረምቱ መሐል ሞተ። የጎጆ መንገድ በጭቃ ተቆርጦ ነበር፤ ለቀብሩ አልደረስኩም።

መስከረም ላይ ገመቹ መጣ። ቃል ቃል ነው፣ ካሴቱን አወጣሁ። እኔ ክፍል ውስጥ ሁለታችን ተቀምጠን አየነው። የጫማው ክር አለፈ፤ ኑዛዜው አለፈ፤ ጫልቱ ገባች። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ምስሉ ላይ ገመቹ ተንበርክኮ ጆሮውን ይደቅናል፤ የፈይሳ ከንፈር ይንቀሳቀሳል።

«ድምፁን ጨምረው» አለ ገመቹ።

«የለም።»

«እንዴት የለም?»

«እኔ ዘጋሁት። ሰው እንዳይሰማ ብዬ ዘጋሁት።»

ምስሉን እስኪያልቅ አየ። ስድብ ጠበቅሁ፤ ስድብ ቢሆን ደስ ባለኝ። «እኔስ ሰምቼዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ልጆቹ ግን የአባታቸው ድምፅ ሲናፍቃቸው ይህን ብቻ ሊሰሙ ነው? ውሸቱን?» ትንሽ አሰበና፣ «የጫማ ክሩን ብቻ ቆርጠህ ቅዳልኝ» አለኝ።

ቆርጬ ቀዳሁለት። እንግዲህ ያ ሦስት ሰው «አቤት» የሚያሰኝ ድምፅ ከምድር ላይ የቀረው ለሙከራ የተባለች አንዲት ቀልድ ሆና ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። ፈይሳ ለካሴቱ የተናገረው ስለ መሬቱ ብቻ ነበር። እኔ ሞኝ ባልሆን፣ ሁለቱ ማይኮች አንድ ቁጥር ባይሆኑ፣ ገመቹ ወንድሙ ከሞተ በኋላ መሬቱን ይሰማ ነበር፤ «ገመቹ ኮ»ን ግን ከማን ይሰማ ነበር? ስህተቴ ያመጣለትን ጥንቃቄዬ መልሶ ወሰደበት። ዕድሜዬን ሙሉ «ዝም በሉ» ስል የኖርኩ መምህር ነኝ፤ ትልቁን «ዝም በል» ያልኩት በማይሆን ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲናገር አላቋርጥም፤ ባለቤቴ እንኳ ስለ በር ስታወራ እስክትጨርስ እሰማለሁ። ማጠፊያውን ከጎጆ የተመለስኩ ዕለት፣ ቦርሳዬን ሳላወርድ ገጠምኩት። ስሞት ይነገርልኝ ብዬ ያስቀመጥኩትም ነገር የለም፤ የነበሩኝን ሁለቱን ሄጄ ተናግሬአለሁ። አንደኛው አልተወደደልኝም።

ካሜራው አሁን መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ሪሲቨሩ አናቱ ላይ በጥቁር ክር ሦስት ዙር እንደታሰረ ነው። ቋጠሮውን ልፈታው ሁለት ጊዜ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። አጠገቡ ገና ከወረቀቱ ያልወጣ አዲስ ጥቁር ክር አለ፣ ዘግይቼ የገዛሁት። የፈይሳ ልጆች በገና በተሰበሰቡ ቁጥር ያችን ቀልድ ይከፍቷታል፤ ከዚያ ይደውሉልኝና ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ ያስጠጋሉ። «ሰው ሁሉ ይስማ፤ አውሼው ነው እንጂ አልሰጠሁትም» ይላል። በየዓመቱ «የሚቀጥለው ጊዜ፣ ፈይሳ» እለዋለሁ።

የአንድ ቀኝ እግር የጫማ ክር አለብኝ።